ሒሳብን በምርጫ ጥያቄ መመዘን፦ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት አወቃቀርና ሀገር አቀፍ ፈተናው ከጫሞ አካባቢ ሲታይ

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ምን መሆን እንደሚገባው የሚናገሩ ሁለት ሰነዶች አሉ። አንደኛው ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው መርሐ ትምህርትና በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ለተፈታኙ የሚቀርበው የጥያቄ ወረቀት ነው። ሁለቱ ሰነዶች አንድ ቃል ሲናገሩ የመምህሩ ሥራ ይቃናል፤ የተለያየ ቃል ሲናገሩ ግን መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ወላጁም የሚያደምጡት ሁለተኛውን ነው። ስለዚህም የአንድን የሒሳብ ትምህርት እውነተኛ መልክ ለማወቅ የሚሻ ሰው መጽሐፉን ከፈተናው ተነሥቶ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሊያነበው ይገባል።

ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የጫሞ ሐይቅ አካባቢ፣ ማለትም አርባ ምንጭና የጋሞ ዞን፣ ተስማሚ መቆሚያ ነው። በአርባ ምንጭ ከተማ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። የውኃ ምሕንድስና ደግሞ ያለ ካልኩለስ አንድ እርምጃ የማይራመድ ሙያ ነው። ከከተማው ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በብርዳማው ደጋ ላይ በምትገኘው ጨንቻና በዙሪያዋ ያሉ ልጆች ይህን ተቋም ከተራራቸው ላይ ሆነው ቁልቁል ሊያዩት ምንም ያህል አይቀራቸውም። በዐይን ቅርብ የሆነው ደጅ ግን በእግር ሲሄዱበት ይርቃል፤ ከሚያርቁት ነገሮች አንዱና ዋነኛው የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነው።

የፈተናው አመጣጥ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና፣ በሕዝቡ አጠራር ማትሪክ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ሲሰጥ ቆይቷል። ውጤቱ በፊደል የሚነገር ሲሆን ሒሳብና እንግሊዝኛ ማንም ሊያመልጣቸው የማይችላቸው የትምህርት ዓይነቶች ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አወቃቀሩን ለወጠው፦ አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚህም መሠረት የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በ1993 ዓ.ም.፣ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተናም በ1995 ዓ.ም. መሰጠት ጀመሩ።

የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። በመቅረቱ ያዘነ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ልጆችን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከመንገድ ያስቀር ነበርና። ይሁን እንጂ ከመቅረቱ ጋር አንድ ነገር አብሮ ተለወጠ። ቀድሞ በሁለት ፈተናዎች ላይ ተከፍሎ የነበረው የአራት ዓመት ትምህርት ክብደት ዛሬ በአንድ ወረቀት ላይ ያርፋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሒሳብ የተንገዳገደ ተማሪ መንገዳገዱን በሀገር አቀፍ ሚዛን የሚያውቀው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ተከታታይ ምዘና በፖሊሲው ውስጥ ከተጻፈ ረጅም ዘመን ቢሆነውም በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ውጤት በሀገር አቀፉ ማለፊያ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ተማሪውን የማንቃት አቅሙ ደካማ ሆኖ ይገኛል።

መጽሐፉ የሚጠይቀው

በ2002 ዓ.ም. ታትመው ለአሥር ዓመታት ከዚያም በላይ በሥራ ላይ የዋሉት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት በአደረጃጀታቸው የሚያስመሰግኑ ናቸው። 11ኛ ክፍል ከሪሌሽንና ፋንክሽን ተነሥቶ በአናሊቲክ ጂኦሜትሪ፣ በሒሳባዊ አመክንዮ፣ በስታቲስቲክስ፣ በማትሪክስና በኮምፕሌክስ ቁጥሮች በኩል ያልፋል። 12ኛ ክፍል በቁጥሮች ቅደም ተከተልና ድምር ጀምሮ በሊሚት በኩል ወደ ዲፈረንሻልና ኢንተግራል ካልኩለስ ይደርሳል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በዚህ ላይ በሦስት አቅጣጫ ጂኦሜትሪንና ሒሳባዊ ማረጋገጫን ሲማሩ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ተጨማሪ ስታቲስቲክስንና የንግድ ሒሳብን ይማራሉ። ምዕራፎቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የሚገኙት የክለሳ መልመጃዎችም በአብዛኛው ተማሪው ሠርቶ፣ ጽፎ፣ አሳይቶ እንዲመልስ የሚጠይቁ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚስበው ስለ ማረጋገጫ የሚናገረው ምዕራፍ ነው። አንድ ሐሳብ እውነት መሆኑን በቀጥታ፣ በተቃርኖ ወይም በሒሳባዊ ኢንዳክሽን ማስረዳት፣ ሐሰት መሆኑንም በአንድ አፍራሽ ምሳሌ ማሳየት በዚህ ምዕራፍ ይሰጣል። ሒሳብን ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች የሚለየው ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊዚክስ ሙከራን፣ ታሪክ ምስክርን ሲጠራ ሒሳብ የሚጠራው ማረጋገጫን ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ኢተጋማሽ ቁጥሮች ከአንድ ተነሥተው በቅደም ተከተል ሲደመሩ ድምሩ ምንጊዜም የተደማሪዎቹ ብዛት በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ይሆናል፦ 1 ሲደመር 3 አራት ነው፤ 5 ሲጨመርበት ዘጠኝ፣ 7 ሲጨመርበት ዐሥራ ስድስት ይሆናል። መጽሐፉ ከተማሪው የሚፈልገው ይህ ነገር ለሦስትና ለአራት ተደማሪዎች ብቻ ሳይሆን ማብቂያ ለሌለው ብዛት እውነት የሚሆንበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ነው። ጥያቄው በፈተና ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። «የመጀመሪያዎቹ ሃያ ኢተጋማሽ ቁጥሮች ድምር ስንት ነው?» ተብሎ አራት አማራጮች ይቀርባሉ። ብልህ ልጅ ሁለት ሦስት ትንንሽ ሙከራ አድርጎ መልኩን ካየ 400 የሚለውን ያጠቁራል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ብልህነቱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከመጽሐፉ የተጠየቀው ሥራ አልተሠራም፤ እንዳልተሠራም የመልስ መስጫ ወረቀቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ይህ በመሆኑ መምህሩ የማረጋገጫውን ምዕራፍ ምን ሊያደርገው ይችላል? የትምህርት ዘመኑ እየተገባደደ፣ ፈተናው እየቀረበ ሲሄድ የማይፈተነውን ምዕራፍ በችኮላ ማለፍ ወይም ፈጽሞ መዝለል በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነው። መምህሩን ለዚህ መውቀስ ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የሒሳብ ኮርስ የሚከፍተው በአመክንዮና በስብስብ ትምህርት ሲሆን፣ ከዚያም የቁጥሮችን ሥርዓት፣ ፋንክሽንንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪን ያስከትላል። ይህ ሁሉ በመሰናዶ መጻሕፍት ውስጥ በስፋት የተሰጠ ነው። የሁለተኛ ደረጃው ምዘና ያልጠበቀውን ከፍተኛ ትምህርት እንደገና ያስተምራል ማለት ነው፤ የዚህ ድግግሞሽ ወጪ በበጀት ሰነድ ላይ በስሙ ተጽፎ ባይገኝም።

በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ12ኛ ክፍልን ሒሳብ ወደ አምስት ምዕራፎች ሰብስቦታል፦ የቁጥሮች ቅደም ተከተልና ድምር፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሊኒየር ፕሮግራሚንግ መግቢያና ሒሳብ በንግድ ሥራ። የይዘቱ መቀነስ ለመምህሩ እፎይታ ነው። የኋለኞቹ ሁለት ምዕራፎች ደግሞ በቃላት የተነገረን የኑሮ ጉዳይ ወደ ሒሳብ ቋንቋ መመለስን የሚጠይቁ ናቸው። መመለሱ ራሱ ነው ትምህርቱ፤ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቁጥር ተከታይ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የምርጫ ጥያቄ አቅም ይበልጥ ይፈተናል።

ወረቀቱ የሚመዝነው

የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ የሒሳብ ፈተና ለብዙ ዓመታት በተሠራበት አቀራረብ 65 የምርጫ ጥያቄዎችን በሦስት ሰዓት የሚያቀርብ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት አማራጮች ይሰጣሉ፤ ለትክክለኛው መልስ ነጥብ ይያዛል፤ ለተሳሳተው የሚቀነስ ነገር የለም። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ስድስት ሰኮንድ ያህል ነው።

የምርጫ ጥያቄን በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይደለም። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ወረቀት በመሣሪያ ታርሞ በጥቂት ሳምንታት ውጤቱ ይታወቃል፤ አራሚው ደግ ይሁን ክፉ፣ ደክሞት ይሁን ነቅቶ፣ ተፈታኙን የሚነካው ነገር የለም። በአንድ ወረቀት መርሐ ትምህርቱን በሙሉ መዳሰስ ይቻላል። በጥንቃቄ የተዘጋጀ የተሳሳተ አማራጭም ብዙ ሊናገር ይችላል፤ ተማሪው የት ላይ እንደሳተ የሚያውቅ አዘጋጅ ስሕተቱን አስቀድሞ ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በምዘና ሙያ ቋንቋ ሲነገር የዚህ ፈተና አስተማማኝነት ከፍ ያለ ነው። ጥያቄው ስለ ተገቢነቱ ነው፤ ማለትም ፈተናው እመዝነዋለሁ የሚለውን ነገር በእርግጥ ይመዝነዋል ወይ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ግምትን እንመልከት። ምንም የማያውቅ ተፈታኝ 65ቱንም ጥያቄዎች በዕጣ ቢያጠቁር በአማካይ 16 ያህሉን ያገኛል፤ ከመቶ ሲሰላ 25 መሆኑ ነው። የዕጣ ነገር በመሆኑ ከዚህ በሦስት ወይም በአራት ጥያቄ ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከመቶ 22 ያገኘውንና ከመቶ 29 ያገኘውን ተማሪ በዕውቀት መለየት አይቻልም። ቀጥሎም ግማሽ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ይታሰብ። አንድ ተማሪ 22 ጥያቄዎችን በትክክል አውቆ ቢሠራና የቀሩትን 43 በዕጣ ቢሞላ ወደ 11 የሚጠጉ ተጨማሪ መልሶች ይገጥሙለታል፤ ድምሩ 33 ገደማ ይሆናል። ይህም ከ65 ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል። በሌላ አነጋገር በሒሳብ ወረቀት ከመቶ ሃምሳ የሚያመለክተው የትምህርቱን ግማሽ ሳይሆን አንድ ሦስተኛ ያህል ማወቅን ነው።

ይህን ስሌት ይዞ የሀገር አቀፉን ውጤት ለተመለከተ ሰው ነገሩ ይከብዳል። ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ አማካይ ውጤት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቁርጥ ከሆነበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ይህን ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ አኃዞች የሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደሉም። ሆኖም ሁሉም ወረቀቶች የተዘጋጁት በዚሁ የአማራጭ ሥርዓት በመሆኑ የግምቱ ድርሻ በሁሉም ውስጥ አለ። ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው የ2008ቱን ዓይነት የጥያቄ መውጣትና የኩረጃን መስፋፋት ለመግታት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የተገኘው ውጤት ታላቅ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ከፍተኛ ውጤቶች ምን ያህል ባዶ እንደነበሩም አሳይቷል። የጥበቃው መጥበቅ ግን ወረቀቱን አልለወጠውም። የተጠበቀው ያው የቀድሞው ሚዛን ነው።

አንድ ጥያቄ በሁለት መንገድ ሲታረም

ሐሳቡን ከጫሞ ዳርቻ በተወሰደ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች በሙዝ ምርት የታወቁ ናቸው። አንድ ገበሬ 400 ሜትር የሽቦ አጥር አለው እንበል፤ በሐይቁ ዳር አራት ማዕዘን ቦታ ሊያጥር ይፈልጋል፤ በሐይቁ በኩል አጥር አያስፈልገውም። (ጉማሬው ከዚያው በኩል መምጣቱ ሙዙን እንጂ ሒሳቡን የሚመለከት አይደለም።) ሊያጥረው የሚችለው ትልቁ ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? አማራጮቹ ሀ. 10,000፣ ለ. 20,000፣ ሐ. 30,000፣ መ. 40,000 ናቸው።

ትክክለኛው መልስ «ለ» ነው፦ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው 100 ሜትር፣ ከሐይቁ ትይዩ ያለው ጎን 200 ሜትር ሲሆን። አራት ተማሪዎችን እናስብ። አንደኛው ዝምድናውን በፋንክሽን ጽፎ፣ ዴሪቫቲቩን አውጥቶ፣ ከዜሮ ጋር አስተካክሎ መልሱን አገኘ። ሁለተኛው ይህንኑ ሁሉ ሠርቶ በመጨረሻው መቀነስ ላይ ሁለተኛውን ጎን ረስቶ 100ን ከ400 ቀነሰ፤ 300ን በ100 አባዝቶም «ሐ» አለ። ሦስተኛው በማጠናከሪያ ትምህርት «ግማሹ አጥር ለትይዩው፣ ሩብ ሩቡ ለሁለቱ ጎን» የሚለውን ሕግ በቃሉ ይዞ ስለነበር በሃያ ሰኮንድ «ለ»ን አጠቆረ። አራተኛው ጥያቄውን አላነበበውም፤ ዕጣው ግን «ለ» ላይ ወደቀ።

በመሣሪያ እርማት አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ፤ ካልኩለስ የሚያውቀው ሁለተኛው ዜሮ ያገኛል። ይኸው ጥያቄ በጽሑፍ የሚሠራና በሰባት ነጥብ የሚታረም ቢሆን፣ ዝምድናውን ለመጻፍ ሁለት፣ ለዴሪቫቲቩ ሁለት፣ ከዜሮ ለማስተካከል አንድ፣ ውጤቱ ከፍተኛው መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ፣ ለመጨረሻው መልስ አንድ ቢሰጥ፣ ሁለተኛው ተማሪ ስድስት ነጥብ ይዞ ይወጣል። ሦስተኛው ለመልሱ አንድ ነጥብ ያገኛል። አራተኛው ወረቀቱን ባዶ ይመልሳል። በሁለቱ እርማቶች መካከል የተማሪዎቹ ተራ ተገልብጧል፤ ከእነዚህ ልጆች መካከል ወደ ውኃ ምሕንድስና የሚሄደውን የሚመርጠው ደግሞ የመጀመሪያው እርማት ነው።

ሦስተኛው ተማሪ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። የምርጫ ፈተና ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መሸምደድን፣ አቋራጭ ሕጎችን መሰብሰብን፣ አማራጮችን ወደ ጥያቄው መልሶ እያስገቡ መሞከርን ይሸልማል። ይህን የሚያስተምር ማጠናከሪያ በከተማ በክፍያ ይገኛል፤ ያለፉ ፈተናዎች ስብስብም እንዲሁ። በካምባ ወይም በቦንኬ ተራራ ላይ ያለ ተማሪ ከመጽሐፉና ከመምህሩ በቀር ሌላ አማካሪ የለውም። መጽሐፉ የሚያስተምረውና ፈተናው የሚሸልመው በተራራቁ ቁጥር መጽሐፉን ብቻ የያዘው ልጅ ይጎዳል። የፍትሕ ጥያቄ በዚህ ፈተና ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው እንጂ በአራሚ አድልዎ በኩል አይደለም።

የቋንቋው ነገር

የሒሳብ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በጋሞ የሚያድግ ልጅ መቁጠርን የሚጀምረው በጋሞኛ ነው። በአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀው ትምህርት ራሱ ፈተና አልፏል፤ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮን በአንድ የተቀላቀለ ቋንቋ ለማስተማር የተሞከረው ወጋጎዳ በ1992 ዓ.ም. ከተነሣው ተቃውሞ በኋላ ቀርቶ እያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱን መጽሐፍ አግኝቷል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ልማድ ልጆች የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይቀጥሉ ነበር። ክፍልፋይና አስርዮሽ ቁጥር ገና በሚጠናበት ዕድሜ ቋንቋው ይለወጣል ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚናገር፣ የማይቆምና የማይደግም ሌላ መምህር ጨመረበት፤ ልጁ «ይድገሙልኝ» ሊለው የማይችል።

ቋንቋው በምርጫ ጥያቄ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ልዩ ነው። «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው» የሚሉት ሐረጎች በእንግሊዝኛ ሲቀርቡ አንዷን ቃል የሳተ ተማሪ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ የተገላቢጦሹን መልስ ይመርጣል። ሥራውን ጽፎ ቢያሳይ ኖሮ አራሚው «ሒሳቡን ያውቃል፤ ጥያቄውን አልተረዳም» ሊል ይችል ነበር። የጠቆረ ክብ ግን ይህን አይናገርም። ውጤቱ ሲመጣም ለተማሪው የሚደርሰው በየትምህርት ዓይነቱ ከመቶ የተሰጠ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ የካልኩለስ ድክመትና የእንግሊዝኛ ድክመት ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት የትኛውን ይጠግን?

ሌሎች እንዴት አደረጉት

የኢትዮጵያ ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ስትሰጠው በቆየችው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሒሳብን በሁለት ወረቀት ትመዝናለች። እያንዳንዱ ወረቀት የሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከመቶ ይታረማል። በመጀመሪያው ክፍል 16 አጫጭር ግዴታ ጥያቄዎች ሃምሳ ነጥብ ይይዛሉ፤ በሁለተኛው ክፍል ከስምንት ረዘም ያሉ ጥያቄዎች ተማሪው አምስቱን መርጦ ለሌላው ሃምሳ ነጥብ ይሠራል። ሁሉም በጽሑፍ የሚሠሩ ናቸው፤ ነጥቡም ለዘዴውና ለመልሱ ተለይቶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ፈተና የተቀመጡት 900 ሺህ ያህል ነበሩ፤ የታረመውም በመምህራን እጅ ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ፈተና ደግሞ መካከለኛውን መንገድ መርጧል፦ 50 የምርጫ ጥያቄዎችን በአንድ ሰዓት ተኩል፣ በጽሑፍ የሚሠሩ ጥያቄዎችን በሁለት ሰዓት ተኩል ያቀርባል።

እነዚህ አገሮች ከኢትዮጵያ ይልቅ ብዙ ሀብት ያላቸው ስለሆነ ነው የሚለው መልስ አያሳምንም። ይልቁንስ ኢትዮጵያ የምርጫ ፈተናን የሙጥኝ ያለችበት ምክንያት በአራሚ ላይ እምነት ማጣት መሆኑ ይበልጥ ተአማኒ ነው። ኩረጃ የአገር ጉዳይ በሆነበት ዘመን ይህ ሥጋት መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። ሆኖም የተፈታኝ ስም በኮድ ተተክቶ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በተለያየ ሰው ታርሞ፣ ከየጥቅሉ የተወሰኑ ወረቀቶች በሁለተኛ አራሚ ሲታዩ ሥጋቱ በእጅጉ የሚቀንስ መሆኑ በእነዚሁ አገሮች አሠራር ታይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መፈተናቸው ሌላ በር ከፍቷል፤ መልሱን መርጦ ሳይሆን ቁጥሩን ራሱ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ጥያቄ በመሣሪያ ሊታረም ይችላል፤ የግምትንም ድርሻ ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። እስካሁን በአብዛኛው የተደረገው ግን የወረቀቱን አራት አማራጮች ወደ ኮምፒዩተሩ ማስተላለፍ ነው።

ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ስሌት

ከ65ቱ ጥያቄዎች 45ቱ በምርጫ ቀርተው በቀሩት ምትክ አራት የጽሑፍ ጥያቄዎች ይቅረቡ እንበል፦ አንዱ ማረጋገጫን፣ አንዱ ካልኩለስን፣ አንዱ ስታቲስቲክስን፣ አንዱ የቃላት ጥያቄን ወደ ሒሳብ መመለስን የሚመዝኑ። ተፈታኞቹ 600 ሺህ ቢሆኑና አንዱን የጽሑፍ መልስ ለማረም በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ፣ ለአንድ ተማሪ 12 ደቂቃ፣ ለሁሉም 120 ሺህ ሰዓት ያስፈልጋል። በቀን ስምንት ሰዓት ሲሠራ ይህ የ15 ሺህ የሥራ ቀን ነው። አንድ ሺህ አራሚዎች በአሥራ አምስት ቀን ይጨርሱታል፤ ከየጥቅሉ አምስተኛው እጅ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲታረም ቢደረግ በአሥራ ስምንት ቀን። ወጪው አንድ ሺህ ሰዎችን ለሦስት ሳምንት የማሰባሰብ፣ የማሳደርና የመክፈል ወጪ ነው፤ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲዎች ለመስጠት ተማሪዎችን በሙሉ ማጓጓዝ፣ ማሳደርና መመገብ ከተቻለ በኋላ ይህ አይቻልም ማለት ያስቸግራል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያልተቆጠረ አንድ ነገር አለ። አራሚዎቹ ከየወረዳው የሚመጡ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራን ከሆኑ ከጨንቻ፣ ከገረሴ፣ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚመጣው መምህር በሦስት ሳምንት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የተማሪ ሥራዎችን ያያል። ልጆች በሊሚት ላይ የሚስቱት የት እንደሆነ፣ በማረጋገጫ ፈንታ ምሳሌ የሚጽፉት ስንቶቹ እንደሆኑ፣ «ቢያንስ» የሚለውን ቃል የሳተው ወረቀት ምን እንደሚመስል በዐይኑ ያያል። ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ በመስከረም የሚያስተምረው የትምህርት ዕቅድ ከእርማቱ ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ የተጻፈ ይሆናል።